“ሱሰኛ አይደለሁም” የምትለው እስረኛ እህት ምን ፈርታ ነው?

ጥያቄ (አሳጥሬዋለሁ)፦ “ሲስተር፣ ከኮምቦልቻ ነው የምጽፍልዎ። ታናሽ እህቴ 26 ዓመቷ ነው። ቤቷ ሲፈተሽ ሀሺሽ ተገኝቶ 1 ዓመት ከ6 ወር ተፈረደባት። ለራሷ ነበር የምታጨሰው። ጫትም ትቅማለች፣ ማታ ማታ ለጨብሲ (ምርቃናውን ለማብረድ) ትጠጣለች። አሁን 4ኛ ወሯ ነው። እዚያው ማረሚያ ቤት በሳምንት አንድ ቀን የሱስ ምክር የሚሰጥ ባለሙያ ይመጣል። ‘ግቢ’ ስንላት ትቆጣለች። ‘ሱሰኛም እብድም አይደለሁም፤ ደግሞ አቁሜያለሁ’ ትላለች። እናታችን ስትፈታ ጸበል እንውሰዳት ትላለች። የአባታችን እህት ደግሞ ወዳጃ ተቀምጠን ዱዓ ይደረግላት ትላለች። የ4 ዓመት ልጇ እኛ ጋ ናት፤ ለጥየቃ ስንሄድ ይዘናት ሄደን አናውቅም። እህቴ ለምን እምቢ ትላለች? እኛስ ምን እናድርግ?”

መልስ፦

አብሽሪ እህቴ። ጥያቄሽን ሳነብ እህትሽን የማውቃት መሰለኝ። አላውቃትም፤ የሚመስሏትን ግን ብዙ አውቃለሁ።

የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። ወሎ ውስጥ ባለ አንድ ማረሚያ ቤት፣ የሴቶቹ ክፍል፣ ለጥቂት ዓመታት በሳምንት አንድ ቀን እየሄድኩ ስለ ሱስ ምክር እሰጥ ነበር። የመጀመሪያው ቀን 20 ወንበር አስደርድሬ ጠበቅኩ። 3 ሴቶች መጡ። ከ3ቱ አንዷ ሳሙና የሚታደል መስሏት ነበር።

እኔም እንዳንቺ ተናደድኩ። በነጻ ነው፣ ለራሳቸው ነው፣ ምን ሆነው ነው እምቢ የሚሉት? ብዬ። ቆይቶ ነው ጥያቄዬን ገልብጬ መጠየቅ የጀመርኩት፦ እሺ ብትል ምን ይቀርባታል? ያኔ ነገሩ ገባኝ። የእህትሽ እምቢታ ግትርነት መስሎሽ ይሆናል። እሷ ግን ሒሳብ እየሠራች ነው።

እስኪ ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

መጀመሪያ ስሙ አለ። ወንድ ሲቅም ቃሚ ነው፣ ሲጠጣ ጠጪ ነው። ሲብስበት ደግሞ “ወጣትነት ነው፣ ያልፍለታል” ይባላል። ሴት ስትሆን ቃሉ ይቀየራል። የሚከተለውን ስድብ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ እዚህ አልጽፈውም። እኛ ወሎ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ጫት ራሱ ነውር አይደለም። ወዳጃ ላይ እናቶች ተቀምጠው፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ መንዙማው እየተባለ፣ ጫት ለዱዓ ይያዛል። ያቺ እናት ትከበራለች። “መርቂኝ” ተብላ ጉልበቷ ይሳማል። የልጅ ልጇ በርጫ ቤት ከጓደኞቿ ጋር ስትቅም ከታየች ግን ሰፈሩ ሙሉ ያወራል። ቅጠሉ አንድ ነው፣ ምናልባት ከአንድ ገበያ የተገዛ። እህትሽ ይህን ልዩነት ከእኔም ካንቺም በላይ ታውቀዋለች። ስሟን “የሱስ ምክር” የሚል ዝርዝር ላይ ካስገባች ከየትኛዋ ሴት ጋር እንደምትመደብ ይገባታል።

ከዚያ ዓይኑ አለ። የሴቶች ክፍል ትንሽ ናት፤ በየትኛውም አገር ሴት እስረኞች ከወንዶቹ በብዙ ያንሳሉ። ፍራሽ ከፍራሽ ገጥሞ ነው የሚተኛው። ካቧ፣ ማለትም የክፍሉ አለቃ የሆነችው እስረኛ፣ ታያለች፣ ጎረቤት ትሰማለች። እኔ የምመክርበት ቦታ ግቢው ውስጥ ልብስ የሚሰጣበት ጥግ ነበር። ማን መጣ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ አለቀሰ አላለቀሰ፣ ሁሉም ይቆጠራል። ማታ ለወሬ ይሆናል። እንዲያ ባለ ቦታ ምስጢሬን ለማላውቃት ሴት ልንገር? እኔም ብሆን አልነግርም።

ከሁሉም የከበደው ግን አመክሮ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን መሠረት፣ ከቅጣቷ 2/3ኛውን የጨረሰችና ጠባይዋ መታረሙ የታየላት እስረኛ በአመክሮ ልትፈታ ትችላለች። እህትሽ 1 ዓመት ከ6 ወር ነው ያላት። ስለዚህ ዓይኗ ያለው 12ኛው ወር ላይ ነው። እያንዳንዱን ነገር በዚያ ነው የምትመዝነው። “ሱስ አለብኝ ካልኩ ‘ገና አልታረመችም’ ይሉኛል” የሚል ፍርሃት ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ መሰለሽ። ሌሎቹ በተቃራኒው ያስባሉ፤ ተመዝግቤ ብታይ ቶሎ እፈታለሁ ብለው ይመጣሉ። ሁለቱም ሐሳባቸው ሕክምናው ላይ አይደለም። በሩ ላይ ነው።

ልጅም አለች። በብዙ አገር ሱስ ያለባቸው እናቶች ከሕክምና የሚሸሹበት አንዱ ትልቅ ምክንያት “ልጄን ይወስዱብኛል” የሚል ነው። እዚያ የሚፈሩት መንግሥትን ነው። እኛ ጋ የሚፈራው የባል ቤተሰብ ነው። ነገ ሽማግሌ ፊት “እናቷ ሱሰኛ ናት፣ በወረቀት የተረጋገጠ ነው” ቢባል ምን ሊከተል እንደሚችል እህትሽ አስባበታለች። አንቺ አላሰብሽበትም ይሆናል። እሷ ግን ሌሊት ሌሊት ሌላ ሥራ የላትም።

ይህ የወሎ ጣጣ ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ የናርኮቲክስ ቁጥጥር ቦርድ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ሪፖርቱ እንዳለው በዓለም ላይ ዕፅ ከሚጠቀሙ 3 ሰዎች አንዷ ሴት ናት። ሕክምና ከሚያገኙት ውስጥ ግን ሴቷ ከ5 አንድ ብቻ ናት። እስር ቤት ሲሆን ሚዛኑ ይገለበጣል። በ2018 (እ.ኤ.አ.) በወጣ የተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት መሠረት በዓለም ካሉ ሴት እስረኞች 35 በመቶ ያህሉ ከዕፅ ጋር በተያያዘ ወንጀል የተፈረደባቸው ናቸው፤ ወንዶቹ ጋ 19 በመቶ ነው። ሴቷ ለሐኪም ትደበቃለች፣ ለፖሊስ ትገኛለች።

አሁን “ሕክምና” ወደሚለው ቃል ልምጣ። እህትሽ ቃሉን ስትሰማ ምን እንደሚታያት ጠይቀሻት ታውቂያለሽ? እኔ ጠይቄ ነበር። አንዷ “መርፌ” አለችኝ። ሌላዋ “ማሰሪያ” አለች። አንዷ በአንድ ቃል “አማኑኤል!” አለች። አማኑኤል አዲስ አበባ ያለ የአእምሮ ሆስፒታል ነው። በሰው አፍ ግን “አማኑኤል ገባች” ማለት አበደች ማለት ነው። “እብድም አይደለሁም” ያለቻችሁ ከዚህ ተነስታ ነው። እናንተ እኮ እብድ አላላችኋትም፤ “ታከሚ” ነው ያላችኋት። የሰማችው ግን ያንን ነው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ የሱስ ሕክምና አብዛኛው ቁጭ ብሎ ማውራት ነው። ለጫት ሱስም ሆነ ለሀሺሽ ሱስ ተብሎ የተፈቀደ መድኃኒት እስካሁን የለም። ለአልኮል አለ። ድባቴ ወይም የእንቅልፍ ችግር አብሮ ካለ እሱም ይታከማል። የቀረው ጥያቄና መልስ ነው። መቼ ነው የሚያምርሽ? ከማን ጋር ስትሆኚ? ከመቃምሽ በፊት ምን ይሰማሻል? ስትፈቺ የመጀመሪያው ቀን የት ትውያለሽ? ይኸው ነው። እህትሽ ይህን ብታውቅ ምናልባት ግማሹ ፍርሃቷ ይቀል ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ጫት መቃም በአገራችን ወንጀል አይደለም። አረቄ መጠጣትም አይደለም። ሀሺሽ ግን ነው፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ላይ ተቀምጧል። እንግዲህ ከጻፍሽልኝ ተነስቼ ስገምት፣ እህትሽን ያሳሰራት ከሦስቱ ትንሹ ሊሆን ይችላል። የማየው ክቡን ነው። ከ8 ሰዓት ጀምሮ ቅሚያ። ከዚያ ምርቃና። ማታ ምርቃናው አልበርድ ሲል፣ እንቅልፍ እምቢ ሲል፣ ጨብሲ። አንዳንዴ በመጠጥ፣ አንዳንዴ በሀሺሽ። ጠዋት ራስ ምታትና ድካም፤ እሱን ለማንሳት ደግሞ ኢጃበና፣ የጠዋት ጫት። አንዱ ሌላውን እየጠራ ይዞራል። ፍርድ ቤቱ የሚያየው ከዚህ ክብ አንዷን ቁራጭ ነው፤ ሕጉ ወንጀል የሚለው ያችን ነው። ስለዚህ ምክር ስትጠራ “ስለ ሀሺሹ ነው” ብላ ታስባለች። “እሱን እኮ አልፎ አልፎ ነው” ትልሻለች። አልዋሸችም።

“አቁሜያለሁ” የምትለውም ውሸት አይደለም። 4 ወር አልቃመችም፣ አላጨሰችም፣ አልጠጣችም። ይህን አክብሩላት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንዴት እንዳለፈች አንድ ቀን ብትጠይቂያት ብዙ ታወራሻለች። ጫት ድንገት ሲቆም ሰውነት ይዝላል፣ እንቅልፍ ይጫናል፣ ሆድ ይብሳል። ሌሊት ዱካክ ይመጣል። ደረት ላይ የሚቀመጥ፣ የሚያሳድድ፣ ገደል የሚከት ሕልም። ቃሚ ሁሉ ያውቀዋል። እህትሽ ይህን ሁሉ ያለፈችው ባዕድ መሃል፣ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ማንም እጅ ነው። ከዚያ በኋላ “ነይ ሱስሽን እናስለቅቅሽ” ስትባል መሳለቅ ይመስላታል።

ችግሩ ማረሚያ ቤቱ የወሰደባት ጫቱን ብቻ መሆኑ ነው። 8 ሰዓትን አልወሰደባትም። ሴቶቹን “ከቀኑ የቱ ሰዓት ይከብዳል?” ስላቸው፣ ሳይመካከሩ 8 ሰዓት ይሉኝ ነበር። ምሳ ተበልቶ፣ ቡናው ሊፈላ ሲል። ያዛጋቸዋል፣ ይነጫነጫሉ፣ በትንሽ ነገር ይጣላሉ። አንዷ ዳንቴል የምትሠራ ነበረች፤ 8 ሰዓት ላይ የሠራችው ረድፍ ሁልጊዜ ይጣመምባት ነበር። ታሳየን ነበር፣ እንስቅ ነበር። ያ ሰዓት እህትሽን ኮምቦልቻ ላይ ከነጓደኞቿ ይጠብቃታል። ምክሩ የሚያስፈልጋት ለእሱ ነው፤ ለትናንቱ አይደለም።

እዚህ ላይ ከጥያቄሽ ትንሽ ልውጣ። እህትሽ ይህን አልፋዋለች፣ ግን ሌላ አንባቢ ይጠቅመው ይሆናል። ከሦስቱ፣ ማለትም ከጫት፣ ከሀሺሽና ከአልኮል፣ ድንገት ሲቆም ሊገድል የሚችለው አልኮል ነው። አረቄ እያወጣች የምትሸጥ አንዲት የገጠር ሴት ነበረች። ለዓመታት ደንበኛ ቅመሺ ሲላት፣ ራሷም ስትቀምስ የኖረች። ሱሰኛ ነኝ ብላ አስባ አታውቅም፤ ሥራዋ ነው። ለሌላ ጉዳይ ታሰረች። በማግስቱ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ላብ ያጠምቃት ጀመር። በሁለተኛው ሌሊት ጣላት። አረፋ ደፈቀች። ክፍሉ ውስጥ ያሉት “ዛር ነው” ብለው ዕጣን ለመኑ። ማንም በክፋት አላደረገውም፤ የሚያውቁት እሱን ነው።

ነገሩ ዛር አልነበረም። በየቀኑ በብዛት የለመደ ሰው መጠጥ ድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጡ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ይጀምራል። የሚጥለው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ነው። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳት ሊከተል ይችላል። ይሄኛው ካልታከመ ሕይወት ያጠፋል። መድኃኒቱ ብርቅ አይደለም፦ ዲያዜፓምና ቫይታሚን ቢ1፣ በሐኪም ክትትል። ዘመዱ የታሰረበት ሰው በመጀመሪያው ቀን ለጠባቂዎቹና ለክሊኒኩ “በየቀኑ ትጠጣ ነበር” ብሎ ቢናገር ነፍስ ያድናል። እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም። ያቺ ሴት ተረፈች። ኋላ የቡድኔ የመጀመሪያዋ ቋሚ አባል ሆነች። ለምን መረጥሽን ብዬ ስጠይቃት “አንቺ ዛር አላልሽኝም” አለችኝ።

ወደ እህትሽ ልመለስ። ምክሩ ራሱም ጥፋት አለበት፤ ሁሉን በእሷ ላይ አንጣለው። ብዙው የሱስ ሕክምና በወንድ ልክ የተሰፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ሴት እስረኞች 70 ደንቦችን አጽድቋል። የባንኮክ ደንቦች ይባላሉ። ስማቸው የመጣው ከታይላንድ ዋና ከተማ ነው። ታይላንድ ራሷ ሴት እስረኞቿ በአብዛኛው በዕፅ ጉዳይ የገቡባት አገር ናት። 15ኛው ደንብ የሴቶች የሱስ ሕክምና ለሴቶች ተብሎ የተዘጋጀ ይሁን ይላል፤ ከዚህ በፊት የደረሰባቸውን ጥቃት፣ እርግዝናን፣ ልጅ መያዝን፣ ባህላቸውን ያገናዘበ።

“የደረሰባቸውን ጥቃት” የሚለው ላይ ትንሽ ልቁም። ሴት ወደ ሱስ የምትገባው ብዙ ጊዜ በሰው እጅ ነው፤ በባል፣ በጓደኛ፣ በሥራ ቦታ። ዘግይታ ጀምራም ቶሎ ትያዛለች፤ ከመጀመሪያው ቅምሻ እስከ ሱሱ ያለው መንገድ ከወንዱ እንደሚያጥርባት ያሳዩ ጥናቶች አሉ። አንዳንዷ ደግሞ የምትወስደው ለደስታ አይደለም፤ ላለማስታወስ ነው። በ2014 ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ካለፈባቸው ወዲህ በእኔ ቡድን ውስጥ የማልጠይቃቸው ጥያቄዎች በዙ። ሲፈልጉ ብቻ፣ ለብቻችን ስንሆን፣ በራሳቸው ጊዜ ይነግሩኝ ነበር። እህትሽ የሚያስታውሳት ነገር እንዳለ አላውቅም። አንቺም ላታውቂ ትችያለሽ። ቡድን ውስጥ መግባት የጠላችው ለዚያ ከሆነ “ለብቻዬ ላናግራት እችላለሁ?” ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ብዙዎቹ ይህ ምርጫ እንዳለ አያውቁም።

“አስገድደው ያስገቧት” የሚል ቤተሰብም አለ። አንድ አባት እጄን ይዞ ይህንኑ ለምኖኛል። አዘንኩለት፣ ግን አላደረግኩትም። እ.ኤ.አ. በ2012 አሥራ ሁለት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ተባብረው አስገዳጅ የሱስ ማቆያ ማዕከላት ይዘጉ ብለዋል። እኔም ያየሁት ያንኑ ነው። ተገድዳ የመጣች ሴት ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች፣ ልቧ ግን ክፍሏ ነው። በሌላ በኩል በማይረባ ምክንያት ራሷ ፈቅዳ የመጣች ትቆያለች። ሳሙና ፈልጋ የመጣችው 5 ወር ቆየች። ስለዚህ “ምን ፈልጋ መጣች?” እያልኩ መጨነቅ ትቻለሁ።

ታዲያ ምን ታድርጉ? “ታከሚ” ማለቱን ለጊዜው ተዉት። አንቺ “ታከሚ” ባልሽ ቁጥር እሷ የማትታከምበትን ምክንያት ትደረድራለች። በደረደረች ቁጥር ራሷን ታሳምናለች። ዊልያም ሚለር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1983 ይህን ጽፎ ነበር፤ ዛሬ እኛ የምንጠቀምበት የምክር ዘዴ ከዚያ የመጣ ነው። ዘዴው ቀላል ይመስላል፣ ሲሠሩት ግን ምላስን መንከስ ይጠይቃል።

ለምሳሌ እንዲህ ብትያት፦ “ስትፈቺ እንደ ድሮው አለመሆን ላንቺ ምን ያህል ያስፈልግሻል? ከ0 እስከ 10 ስንት ትሰጪዋለሽ?” ምናልባት በብስጭት “3” ትላለች። አብዛኛው ሰው “ለምን 3 ብቻ?” ይላል። አትበይ። “ለምን 0 አላልሽም?” በያት። አሁን መልስ መስጠት አለባት። “ልጄ አለች አይደል” ልትል ትችላለች። “የዱካኩ ነገር አስጠልቶኛል” ልትል ትችላለች። የፈለገችውን ትበል፣ አንቺ ዝም ብለሽ ስሚ። በዚያ ቀን ሌላ ምክር አትጨምሪ። “ጎሽ፣ እንግዲያው ተመዝገቢ” ካልሽማ የሠራሽውን አፈረስሽው።

ደግሞ “ሱሰኛ ነኝ” እንድትል አትጠብቂ። ቃሉ አያስፈልግም። እኔ ቡድኔን መጨረሻ ላይ “የእንቅልፍ ቡድን” ነበር የምለው። ስለ ዱካክ፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ሆድ መባስ እንነጋገር ብዬ ጠራሁ፤ ወንበር አነሰኝ። ከእንቅልፍ ተነስተን ጫት ላይ ለመድረስ ሁለት ሳምንት አልፈጀብንም።

የአመክሮውን ፍርሃት በግምት አትተዉት። ምክር መግባቷ በአመክሮዋ ላይ ምን እንደሚያመጣ፣ ባለሙያው የሚጽፈውን ማን እንደሚያነበው፣ ሄዳችሁ ጠይቁ። አስተዳደሩንም፣ ባለሙያውንም። መልሱን ለእህትሽ እንዳለ ንገሯት፤ ጥሩ ባይሆንም እንኳ። እኔ ይህን ጥያቄ ስጠየቅ ለሴቶቹ የማስታወሻ ደብተሬን ገልጬ አሳይ ነበር። ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ። አንዳንዷ ማንበብ አትችልም፤ ጓደኛዋ ታነብላታለች።

አንድ የማልደብቅሽ ነገር፦ በስንቅ ውስጥ ሲጋራም ሆነ ሌላ ነገር ደብቆ የሚያስገባ ዘመድ አይቻለሁ። “አሳዘነችኝ” ብሎ። እናንተ እንደማታደርጉት አምናለሁ፣ ግን ሌላ ጠያቂ ካላት ዓይናችሁን ጣል አድርጉ።

ስለ ጸበሉና ስለ ወዳጃው። እናትሽንም አክስትሽንም አትጣያቸው። በእኛ ቤት አንዱ ጸበል፣ ሌላው ዱዓ ማለቱ ያለ ነው፤ ሁለቱም የሚሉት “አልተውንሽም” ነው። ይህ ለታሰረች ሴት ትልቅ ነገር ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 21 ላይ እስረኛ ከቤተሰብ፣ ከሃይማኖት አማካሪና ከሐኪም ጋር የመገናኘት መብት አለው ይላል። እስክትፈታ መጠበቅ የለባቸውም ማለት ነው። የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። ሐኪም ያዘዘላት መድኃኒት ካለ “ጸበል ላይ ናት” ተብሎ አይቋረጥ። ወዳጃው ላይ ደግሞ ለእሷ ሲባል ጫት አይያዝ። አክስትሽ መጀመሪያ ግራ ይገባት ይሆናል። ዱዓ በቡናም ይደረጋል በያት፤ ታውቀዋለች።

የመፈታቱ ሳምንት ከሁሉም ያስፈራኛል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ነበር። በዋሽንግተን ግዛት ከእስር የወጡ ከ30,000 በላይ ሰዎችን ተከታትሏል። በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት የመሞት አደጋቸው ከሌላው ሰው 13 እጥፍ ገደማ ነበር። አንዱ ዋና ምክንያት ከመጠን ያለፈ ዕፅ ነው። ሰውነት እስር ቤት ሆኖ ልምዱን ይረሳል፤ ሰውየው ግን የድሮውን መጠን ያስታውሳል። እኛ ጋ እንደዚያ አገር ሄሮይን አልበዛም። ግን ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻ አለ፣ አረቄም አለ። እህትሽ ታስራ ሳለ ያልቀመሰችውን መጠጥ በተፈታችበት ማታ “እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ” ተብላ በድሮው ልክ ከጠጣች ሰውነቷ አይችለውም። ግብዣው ላይ መጠጥ አይኑር። ዶሮውም ቡናውም ይበቃል።

ከመፈታቷ ወር በፊት ቀጠሮ ያዙላት። ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ከሰዓት በፊት ትመለሳላችሁ። የድሮ ቤቷ ከጫት መሸጫው ፊት ለፊት ከሆነ ለጥቂት ወራት እናንተ ጋ ትሁን። 8 ሰዓት ላይ ምን እንደምትሠራ ከአሁኑ ተነጋገሩ፤ ቁጭ ብላ እንዳትጠብቀው። በዚያ ሰዓት ልጇን ከመዋዕለ ሕፃናት የምታመጣው እሷ ብትሆን ጥሩ ነው። ካገረሸባት ደግሞ አትደንግጡ፣ ሊያገረሽ ይችላል። “ይኸው፣ አልነገርንሽም!” የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ዋጡልኝ። መኖር አስጠልቶኛል የሚል ነገር ካወራች ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ያንኑ ቀን ወደ ሐኪም ይዛችኋት ሂዱ።

የመጨረሻው ስለ ልጅቷ ነው። ያልወሰዳችኋት እንዳትደነግጥ ብላችሁ ይሆናል። ወይም እህትሽ ራሷ “በዚህ ሁኔታ አታየኝም” ብላ ይሆናል፤ ብዙዎቹ እንዲህ ይላሉ። ጠይቋትና፣ ፈቃደኛ ከሆነች፣ በሚቀጥለው ጥየቃ ይዛችኋት ሂዱ። ቀድማችሁ ለልጅቷ የት እንደምትሄድ በቀላል ቋንቋ ንገሯት። ፀጉሯን ቤት አትሥሯት። ፍቱት፣ ማበጠሪያና ቅባት ያዙ፤ ማበጠሪያው ይገባ እንደሆነ በር ላይ ጠይቁ። ካልሆነም በእጇ ትሥራት። እህትሽ ቁጭ ብላ ልጇን ሹሩባ ስትሠራት ታያላችሁ። ያን ዕለት ስለ ምክሩ ምንም አታንሱ።